ሁድ ዲዛይን ስቱዲዮ፦ ነባሩን ሕይወት ሳያፈናቅል የሚነድፍ ቤት

በካሊፎርኒያዋ ኦክላንድ ከተማ፣ ከሜሪት ሐይቅ ዳር፣ ቁጥር 580 የተሰኘው ፈጣን መንገድ በኮንክሪት ዓምዶች ተደግፎ በሚያልፍበት ቦታ፣ ስፕላሽ ፓድ የሚባል ትንሽ መናፈሻ አለ። ቀድሞ በሁለት ትልልቅ ጎዳናዎች መካከል ተርፎ የቀረ፣ መኪና የሚዞረው እንጂ ሰው የማይቆምበት ቁራሽ መሬት ነበር። አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ የገበሬዎች ገበያ ይቆምበታል፤ ከላይ የመኪናው ጉምጉምታ ሳይቋረጥ፣ ከታች ሰው አትክልቱን እያገላበጠ፣ ከሻጩ ጋር እየተጫወተ ያረፍዳል። አብዛኛው ንድፍ አውጪ እንዲህ ያለ ቦታ ሲሰጠው መጀመሪያ የሚያስበው መንገዱን በዛፍ እንዴት እንደሚጋርደው ነው። እዚህ ግን መንገዱ አልተደበቀም፤ ዓምዶቹም ጥላቸውም የቦታው አካል ሆነው ተቆጥረዋል። በዚሁ አካባቢ ወደ ሐይቁ ይወርዱ የነበሩ ጅረቶች ከብዙ ዘመን በፊት በቱቦ ተቀብረዋል፤ በመናፈሻው ላይ የሚታየው ውኃ ያንን የተቀበረ ውኃ ያስታውሳል።

ይህን መናፈሻ የነደፈው ሁድ ዲዛይን ስቱዲዮ ነው፤ በዚህ ጽሑፍ የምገመግመውም የዚሁ ስቱዲዮ ሥራ ሲሆን፣ ለሠፈር ነዋሪ የሠራቸውን ሥፍራዎች፣ ታሪካዊ ቦታዎችን የያዘበትን መንገድና ለተተኪ ባለሙያዎች ያበረከተውን አንድ ላይ እመለከታለሁ። የእኔ አስተያየት ባጭሩ ይህ ነው፦ ስቱዲዮው ሌሎች ቢሮዎች «መጽዳት አለበት» የሚሉትን ነገር፣ ማለትም በቦታው የሚገኘውን ሰው፣ የተረሳውን መቃብር ወይም የማይመቸውን ትዝታ፣ የንድፉ መነሻ ያደርጋል፤ ብልጫውም እዚያ ላይ ነው። ዓመታቱን ሁሉ የምጠቅሰው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ስቱዲዮውን በ1992 በኦክላንድ ያቋቋሙት ፕሮፌሰር ዋልተር ሁድ ናቸው። በ1958 በሰሜን ካሮላይና፣ በሻርለት ከተማ ተወልደው፣ ለጥቁር አሜሪካውያን ተብለው ከተቋቋሙት ነባር ዩኒቨርሲቲዎች አንዱ በሆነው በሰሜን ካሮላይና ኤ ኤንድ ቲ የላንድስኬፕ አርክቴክቸር (የመናፈሻና የውጭ ሥፍራ ንድፍ) የመጀመሪያ ዲግሪያቸውን በ1981 አገኙ፤ ከዚያም በበርክሌይ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በላንድስኬፕም በሕንፃ ንድፍም የማስተርስ ዲግሪ ያዙ። ስቱዲዮውን ካቋቋሙ ከሃያ ዓመት በኋላ፣ በ2013፣ በቺካጎ በሥነ ጥበብ ሌላ ማስተርስ መጨመራቸውን የምጠቅሰው ለማዕረጉ ብዬ አይደለም፤ በኋለኞቹ ሥራዎቻቸው መናፈሻውና ቅርጻ ቅርጹ የማይለያዩበትን ምክንያት ስለሚያስረዳ ነው። በ2019 በአሜሪካ ለፈጠራ ሰዎች የሚሰጠው ታዋቂው የማክአርተር ሽልማት ተሰጥቷቸዋል።

ስለ ማኅበረሰብ ሥራዎቻቸው ሲነሳ ከሁሉ አስቀድሜ የምጠራው በዚያው በኦክላንድ መሐል የሚገኘውን የላፋዬት አደባባይ ነው። አደባባዩ ከተማዋ በ1853 በካርታ ስትቀየስ ለሕዝብ ከተተዉት ጥቂት አደባባዮች አንዱ ነው፤ በ1883 የቻቦ የከዋክብት መመልከቻ የተሠራው እዚሁ ላይ ነበር። የከተማዋ መብራት በዝቶ ሰማዩን ማየት ሲያስቸግር መመልከቻው ወደ ኮረብታው ተዛወረ፤ አደባባዩም ቀስ በቀስ ሥራ ያጡና መጠለያ የሌላቸው ወንዶች የሚውሉበት ሆነና «የሽማግሌዎች ፓርክ» የሚል ስም ወጣለት። በ1990ዎቹ እድሳቱ ለሁድ ሲሰጥ፣ በየከተማው የተለመደው አሠራር ምን እንደሆነ እናውቀዋለን፦ ወንበሩን ማንሳት ወይም እንዳይተኛበት መሐሉን በብረት መክፈል፣ መፀዳጃውን መዝጋት፣ አጥር ማበጀት፣ ከዚያም «መናፈሻው ታደሰ» ብሎ ሪባን መቁረጥ።

እዚህ የተደረገው የዚያ ተቃራኒ ነው። ንድፉ አደባባዩን አንድ ወጥ ሜዳ አድርጎ ከመተው ይልቅ ብዙ ዓይነት ሰው በአንድ ጊዜ ሊውልበት ወደሚችል የተለያየ ማዕዘን ከፈለው፤ ነባሮቹ ሽማግሌዎች የሚቀመጡበት ስፍራ አላቸው፣ ልጅ ይዞ የሚመጣም ሰው ስፍራ አለው፣ ለምሳ የወጣ የቢሮ ሠራተኛም እንዲሁ። የመመልከቻው ሕንፃ የነበረበትን በአፈር ጉብታ አስታወሰው፤ ጉብታው ሣር የለበሰ ስለሆነ ታሪኩን የማያውቅ ሰው ይጋደምበታል፣ የሚያውቅም ሰው ሰማይ ሲታይበት የነበረ ቦታ መሆኑን ያስባል። እኔ ግን ከጉብታውም በላይ ዋጋ የምሰጠው በንድፉ ውስጥ ለተካተተው መፀዳጃ ቤት ነው። የሕዝብ መፀዳጃ በመናፈሻ ንድፍ ፎቶግራፍ ላይ አይወጣም፣ ሽልማትም አያስገኝም፤ ሆኖም ቀኑን ሙሉ ውጭ የሚውል ሰው «አንተም የዚህ ከተማ ሰው ነህ» መባሉን የሚረዳው ከማንኛውም ሐውልት ይልቅ በእሱ ነው። አንድ ቢሮ ስለ ማኅበረሰብ የሚናገረውን ለማመን የምፈልግ ከሆነ ሥዕሉን ትቼ የመፀዳጃውን ቦታ በፕላኑ ላይ እፈልጋለሁ።

ይህ አካሄድ በድንገት የመጣ አይደለም። ፕሮፌሰር ሁድ በሙያቸው መጀመሪያ ላይ በምዕራብ ኦክላንድ ሲኖሩ፣ በጎረቤታቸው የሚያዩትን የዕለት ኑሮ በማስታወሻ ይመዘግቡ ነበር፤ ማን የት ይቀመጣል፣ በስንት ሰዓት፣ ጠርሙስ ለቅሞ የሚሸጠው ሰው በየት በኩል ያልፋል የሚለውን እየተከተሉ፣ ከዚያ ተነሥተው ንድፍ ይሞክሩ ነበር። ንድፉንም ከጃዝ ሙዚቃ ጋር ያያይዙታል፤ ዜማው የታወቀ ነው፣ ተጫዋቹ ግን በዚያ ላይ የራሱን ይጨምራል። የሕዝብ ስብሰባ ጠርቶ በግድግዳ ላይ ወረቀት ለጥፎ «ምን ትፈልጋላችሁ?» ብሎ መጠየቅ የራሱ ጥቅም አለው፤ ነገር ግን ወደ ስብሰባ የሚመጣው ጊዜ ያለው፣ መናገር የለመደ ሰው ነው። ስብሰባ የማይመጣውን ሰው ፍላጎት ማወቅ የሚቻለው በእግር ሄዶ ኑሮውን በማየት ብቻ ስለሆነ፣ ይህን የስቱዲዮውን ልማድ ከሁሉ ዓይነት መጠይቅ አስበልጬ አየዋለሁ።

ታሪካዊ ሥፍራዎችን በተመለከተ ስቱዲዮው የሠራው ሥራ ይበልጥ ከባድ ነው፤ ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ቦታ የፈረሰ ቤት እንኳ የሌለበት፣ ታሪኩ ከላይ ተጠርጎ የጠፋ መሬት ነውና። በቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲ ግቢ አጠገብ ያለው የፎስተር ቤተሰብ ቦታ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። ካትሪን ፎስተር የተባሉ፣ በልብስ ስፌት የሚተዳደሩ ነጻ ጥቁር ሴት በ1833 ከ2 ኤከር ጥቂት የሚበልጥ መሬት ገዝተው ከቤተሰባቸው ጋር ኖሩበት፤ መሬቱም በቤተሰቡ እጅ እስከ ሃያኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ቆየ። ከዚያ ተሸጠ፣ ተረሳ። በ1993 የመኪና ማቆሚያ ሊሰፋ ሲቆፈር መቃብሮች ብቅ አሉ፤ በኋላ በተደረገው ጥናትም 32 መቃብሮች መኖራቸው ታወቀ። በ2011 በዚያ ቦታ ላይ ሁድ ከላንድስኬፕ ባለሙያዋ ከሼሪል ባርተን ጋር ሆነው ያበጁት መታሰቢያ «ጥላ ያዥ» የሚል ትርጉም ያለው ስም ተሰጠው።

የሠሩት ነገር ቀላል ነው። የፎስተርን ቤት ደግመው አልገነቡም፤ በመሠረቱ ላይም ግንብ አላቆሙም። የቤቱን ቅርጽ የተከተለ የብረት ማዕቀፍ ከፍ አድርገው በአየር ላይ አንጠለጠሉ፤ ፀሐይ ስትወጣ የማዕቀፉ ጥላ መሬት ላይ ያርፍና ቤቱ የነበረበትን ያሳያል። ፀሐይዋ ስትዞር ጥላውም ይዞራል። የታሪካዊ ሥፍራ ጥበቃ ሕግጋት ብዙ ጊዜ የሚያስጠነቅቁት በግምት ከተሠራ እድሳት ነው፤ በ1964 የወጣው የቬኒስ ቻርተር የተሰኘው ዓለም አቀፍ የቅርስ ጥበቃ ሰነድ እድሳት ግምት በጀመረበት ላይ መቆም እንዳለበት በግልጽ ይናገራል። ስለ አንዲት ልብስ ሰፊ ሴት ቤት ጣሪያ፣ መስኮትና ቀለም የሚታወቀው ጥቂት በሆነበት ሁኔታ፣ ጥላ መጠቀም የሚታወቀውን ብቻ የሚናገር ሐቀኛ መልስ ሆኖ አገኘዋለሁ። ይህን ካልኩ በኋላ አንድ ቅሬታዬን ልናገር፦ ሰማዩ በደመና ሲሸፈን ጥላው የለም፤ ያን ዕለት የሚመጣ እንግዳ የጽሑፍ ሰሌዳ ካላነበበ ከላይ የተንጠለጠለው ብረት ምን እንደሆነ ሊረዳ አይችልም። መታሰቢያ በክረምትም በበጋም እኩል መናገር አለበት ብዬ ስለማምን ይህን እንደ ጉድለት እቆጥረዋለሁ።

ይህ ጉድለት በቻርለስተን የለም። በደቡብ ካሮላይና ቻርለስተን ከተማ ሰኔ 27 ቀን 2023 የተከፈተው የአፍሪካ አሜሪካውያን ዓለም አቀፍ ሙዚየም የቆመው ጋድስደን በሚባለው የቀድሞ የመርከብ መድረሻ ላይ ነው። ወደ ሰሜን አሜሪካ ተጭነው ከመጡት አፍሪካውያን መካከል ወደ ግማሽ የሚጠጉት በቻርለስተን በኩል ገብተዋል፤ ባሪያ ከውጭ ማስገባት በአሜሪካ ሕግ ከጥር 1 ቀን 1808 ጀምሮ ከመከልከሉ በፊት በነበሩት የመጨረሻ ዓመታት ደግሞ ነጋዴዎቹ ሕጉ ሳይደርስባቸው ለማትረፍ በሚሽቀዳደሙበት ጊዜ፣ ዋናው የማራገፊያ ቦታ ይህ ነበር። የሕንፃው ንድፍ አውጪ ሄንሪ ኮብ ሕንፃው መሬቱን እንዳይጫን አስበው በ18 ዓምዶች ላይ 13 ጫማ ያህል ወደ ላይ አነሡት። ስለዚህ መሬቱ ነጻ ሆኖ ለሁድ ስቱዲዮ ተተወ፤ በሕንፃው ሥርና ዙሪያ ያለው የአፍሪካ ቅድመ አያቶች መታሰቢያ የአትክልት ሥፍራ የስቱዲዮው ሥራ ነው። እኔ ሕንፃውን ከመግባቴ በፊት ብዙ ጊዜ የቆየሁት እዚህ ነበር።

በባሕሩ በኩል ጥልቀት የሌለው የውኃ መደብ አለ። ውኃው እንደ ባሕሩ ሙላትና ጉድለት ከፍ ዝቅ ይላል፤ ሲወርድ ወለሉ ላይ እርስ በርስ ተጠጋግተው የተኙ ሰዎች ቅርጽ ይወጣል። ቅርጹ የተወሰደው ብሩክስ ከሚባለው የእንግሊዝ የባሪያ መርከብ ሥዕል ነው፤ ያ ሥዕል የባሪያ ንግድን የሚቃወሙ ሰዎች በ1788 አሳትመውት ሰውን እንደ ዕቃ መደርደር ምን እንደሚመስል ለዓለም ያሳየ ነው፤ የዚያው ዓመት ሕግ እንኳ መርከቡ 454 ሰዎችን እንዲጭን ይፈቅድ ነበር። ሥዕሉን በመጽሐፍ ያየ ሰው ጥቃቅን ጥቁር ቅርጾችን ያስታውሳል። እዚህ ግን ቅርጾቹ የሰው ቁመት አላቸው፤ በአጠገባቸው ስትቆሙ ዓይናችሁ ሳታስቡት ከራሳችሁ ትከሻ ስፋት ጋር ያስተያያቸዋል። ውኃው ሞልቶ ሲሸፍናቸው ደግሞ ከፊታችሁ ያለው መደብና ከማዶ ያለው ወደብ አንድ ውኃ ይመስላሉ። ማብራሪያ የሚናገር ሰው አያስፈልግም፤ ሰሌዳም ባይኖር ሥራው ይገባል።

ጥቂት ራመድ ሲሉ ተጠርበው የተወለወሉ የጥቁር ግራናይት ግንቦች ይገኛሉ፤ የቆሙት ምርኮኞቹ እስኪሸጡ የሚታጎሩበት መጋዘን በነበረበት ላይ ነው። በመካከላቸው የተንበረከኩ ሰዎች ቅርጾች አሉ፤ ግንቡ እንደ መስታወት ስለሆነ ቅርጾቹ ይበዛሉ፣ የተመልካቹም ፊት ከእነሱ ጋር ይታያል። ከዚህ ከባድ ክፍል ቀጥሎ ስቱዲዮው ያደረገውን በጣም አደንቃለሁ፦ ተመልካቹን በሐዘኑ ውስጥ አላስቀረውም። ጎንበስ ቀና በሚለው የሣር መስክ ላይ በባርነት የመጡ አፍሪካውያን ዘሮች የሆኑት የጉላ ማኅበረሰብ ሴቶች እስከ ዛሬ ቅርጫት የሚሰፉበት ያ ጣፋጭ ሽታ ያለው ሣር ተተክሏል፤ በባርነት የነበሩ ሰዎች ከጌቶቻቸው ዓይን ተሸሽገው የሚጸልዩበትን የጫካ ውስጥ መሰብሰቢያ የሚያስታውስ የተከለለ ጥግም አለ። የሞቱትን ስናስብ የእጅ ጥበባቸውና እምነታቸው አብሮ መታሰቡ ተገቢ ነው፤ ብዙ መታሰቢያዎች ይህን ይዘነጋሉ።

በናሽቪል ከተማ በፍርድ ቤቱ ሕንፃ አጠገብ ያለው «የምስክር ግንቦች» የተባለው የ2017 ሥራ ከዚህ ያነሰ ነው፣ ግን ሊዘለል አይገባም። በ1960 ተማሪዎች ጥቁሮችን በማያስተናግዱ ምግብ ቤቶች ባንኮኒ ፊት ተቀምጠው ያደረጉትን የመብት ትግልና ወደዚያው ሕንፃ ያደረጉትን ሰልፍ የሚያስታውሱ ምስሎች በኮንክሪት ግንብ ላይ ተቀርጸዋል። ምስሎቹ ከራቅ ሲባል ፊት ሆነው ይታያሉ፣ ሲቀረቡ ግን የኮንክሪት ጭረት ብቻ ይሆናሉ። የአንድ ሰው ሐውልት በመካከል ማቆም ይቻል ነበር፤ ትግሉ ግን የብዙ ሰው ስለነበር ብዙ ፊት መቅረጹን ትክክል ነው እላለሁ።

ከታሪካዊ ሥፍራ ሥራዎቻቸው መካከል ከሌሎቹ የሚለየው የኦክላንድ ሙዚየም ነው። በ1969 የተከፈተው ይህ ሙዚየም በኬቪን ሮች የተነደፈ፣ ጣሪያዎቹ የተደራረቡ የአትክልት እርከኖች የሆኑ፣ የአትክልቱን ንድፍ ዳን ካይሊ የሠሩለት፣ በዘመናዊ ላንድስኬፕ ታሪክ ውስጥ ትልቅ ስም ያለው ሥራ ነው። ሆኖም ወደ ሜሪት ሐይቅ በኩል ረጅም የኮንክሪት ግንብ ስለነበረው በዚያ በኩል ለሚያልፍ ሰው ምሽግ ይመስል ነበር። በ2021 በተጠናቀቀው እድሳት ስቱዲዮው ከአርክቴክቱ ከማርክ ካቫኜሮ ቢሮ ጋር ግንቡን ከፍቶ በሐይቁ በኩል መግቢያ አበጀ። ታላላቅ ሰዎች የሠሩትን ቅርስ መንካት ድፍረት ይጠይቃል፤ ግንቡን መክፈት ከዋናው ሐሳብ ጋር የማይጋጭ ይልቁንም የሚያሟላ ነው የሚል እምነት አለኝ፤ ሙዚየሙ ገና ከመነሻው ለሕዝብ የተከፈተ የአትክልት ቦታ እንዲሆን ታስቦ ነበርና። እርከኖቹን ሳያበላሹ በሩን ማብዛት ልከኛ ውሳኔ ነበር።

ተተኪ ማፍራትን በሚመለከት ስቱዲዮውን ከትምህርት ቤቱ ለይቶ ማየት አይቻልም። ፕሮፌሰር ሁድ በበርክሌይ ከሠላሳ ዓመት በላይ አስተምረዋል፤ ከ1998 እስከ 2002 የላንድስኬፕ አርክቴክቸር ክፍሉን መርተዋል። ኦክላንድና በርክሌይ ድንበርተኛ ከተሞች ስለሆኑ ተማሪው ጠዋት በክፍል የሰማውን ነገር ከሰዓት በኋላ በእግሩ ሄዶ በላፋዬት አደባባይ ወይም በስፕላሽ ፓድ ሊመለከተው ይችላል፤ መምህሩ የሠራው ቦታ ከሃያ ዓመት በኋላ እንዴት እንደዋለ ማየት ከማንኛውም የስላይድ ትዕይንት የሚበልጥ ትምህርት ነው። ከዚህም ሌላ በ2021 በኒው ዮርክ የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም ስለ ሕንፃ ጥበብና ስለ ጥቁር አሜሪካውያን በተዘጋጀው ዐውደ ርእይ ከተጋበዙት 10 ተሳታፊዎች አንዱ ነበሩ። በዚያ ያቀረቡት ሥራ በኦክላንድ ሳን ፓብሎ ጎዳና ላይ የሚቆሙ ማማዎችን ያሳያል፤ መነሻውም በዚያው ከተማ በ1966 የተመሠረተውና ለጥቁር አሜሪካውያን መብት የታገለው የጥቁር ነብሮች ፓርቲ ያወጣው ባለ 10 ነጥብ ፕሮግራም ነው። ተሳታፊዎቹ ከዐውደ ርእዩ ጋር አያይዘው ብላክ ሪኮንስትራክሽን ኮሌክቲቭ የተሰኘ ለትርፍ ያልቆመ ማኅበር መሥርተዋል፤ ዓላማውም በዚህ ሙያ ያሉ ጥቁር ንድፍ አውጪዎችን ሥራ በገንዘብ መደገፍ ነው። በራስ ስም የሚጠራ ሽልማት ከማቋቋም ይልቅ በጋራ ገንዘብ አሰባስቦ ለሌላው መስጠትን መምረጣቸው ሊመሰገን ይገባል።

በዚህ ዘርፍ ያለኝ ጥያቄ ሌላ ነው። የስቱዲዮው ዓይን፣ ማለትም በእግር ሄዶ የማየቱና ከማየቱም ሐሳብ የማውጣቱ ጥበብ፣ እስከ አሁን በአንድ ሰው ስምና ድምፅ ይታወቃል። ስለ ሥራዎቹ የሚነገረው ሁሉ «ዋልተር ሁድ» ብሎ ይጀምራል፤ በአንድ ፕሮጀክት ላይ ዓመታት የደከሙ ወጣት ባለሙያዎች ግን ስማቸው ለሕዝብ ጆሮ እምብዛም አይደርስም። ይህ በሙያው ሁሉ የተለመደ ነገር ስለሆነ በዚህ ስቱዲዮ ብቻ የማሳብበው አይደለም፤ ነገር ግን ስለ ተረሱ ሰዎች ይህን ያህል የሚጨነቅ ቤት በዚህም ረገድ ቀዳሚ ቢሆን ደስ ይለኛል።

ሁለተኛው ሥጋቴ የጥገና ጉዳይ ነው። የሕዝብ መናፈሻ ርክክቡ ካለቀ በኋላ የሚኖረው በከተማው የጥገና በጀት ነው፤ ውኃ የሚፈስበት ነገር ደግሞ ፓምፑ የተበላሸ ዕለት ባዶ ገንዳ ይሆናል። በስቱዲዮው ሥራዎች ውስጥ የማይበላሹት ክፍሎች የአፈር ጉብታው፣ ግንቡና ጥላው ናቸው፤ በጀታቸው አነስተኛ ለሆኑ ሠፈሮች ሥራ የሚሰጥ ሰው ከስቱዲዮው ጋር ሲነጋገር ወደ እነዚህ እንዲያዘነብል እመክራለሁ። ሎስ አንጀለስ በሚገኘው በብሮድ ሙዚየም አጠገብ ያለው የወይራ ዛፎች አደባባይ ያማረ ነው፤ እንዲያ ያለ ተንከባካቢ ያለው ባለሀብት ደንበኛ ግን ለየሠፈሩ አይገኝም።

ሥራዎቹን ማየት ለሚፈልግ ሰው የማቀርበው ምክር በቅደም ተከተል ነው። ኦክላንድ የሚሄድ ቅዳሜን ይምረጥ፤ ጠዋት በስፕላሽ ፓድ ገበያው ቆሞ እያለ ይድረስ፣ ከዚያ በሐይቁ ዳር በእግሩ ወደ ሙዚየሙ አዲስ በር ይሂድ፣ ከሰዓት በኋላ ላፋዬት አደባባይ ገብቶ ወንበር ላይ ይቀመጥ፤ ፎቶግራፍ ለማንሳት አይቸኩል፣ በዚያ የሚውሉት ሰዎች ለትዕይንት የቀረቡ አይደሉምና። ወደ ቻርለስተን የሚሄድ ደግሞ ለሙዚየሙ ትኬት ባያገኝ እንኳ አይመለስ፤ የአትክልት ሥፍራው ያለ ክፍያ ለሁሉም ክፍት ነው። በውኃው መደብ አጠገብ አንድ ጊዜ አይቶ ከማለፍ ይልቅ ውኃው ወርዶ ቅርጾቹ እስኪወጡ፣ ተመልሶም እስኪሸፍናቸው ድረስ ይጠብቅ።